ጋቢ የለበሰው ኮምፒውተር

መካነ ሰላም ተቀምጬ ሙቀት አሰቃየኝ ብል የአገሬ ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ፤ መብቱ ነው። ከተማችንን ለማያውቅ ግን ትንሽ ላስረዳ። እኛ ዘንድ ጠዋት ፊቱን የሚታጠብ ሰው መጀመሪያ ራሱን ቁጭ አድርጎ ይመክራል። ኅዳር ላይ ክፍል ገብቼ ጥያቄ ስጠይቅ አንድም እጅ የማይወጣው ተማሪዎቼ መልሱ ጠፍቷቸው ይሁን እጃቸውን ከብብታቸው ማውጣት ፈርተው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እንግዲህ በዚህ ከተማ፣ በዚህ ብርድ፣ አራት ቀን ሙሉ “ሞቀብኝ! ሞቀብኝ!” እያልኩ ስባዝን ከረምኩ። የሞቀው እኔን አይደለም፤ ኮምፒውተሬን ነው። ይባስ ብሎ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ሙቀት በስንት መንገድ እንደሚተላለፍ በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ በየዓመቱም እፈትናለሁ።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ላስተዋውቃችሁ። ከደሴ ስገዛው ሁለተኛ እጅ ነው ተብዬ ነበር። ስከፍተው ውስጡ የአራት ሰው ፎቶ ስላገኘሁ አምስተኛ እጅ መሆኑን ተረዳሁ። ሳሎናችን ጥግ፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። ሆዱ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሃርድ ዲስክ ጨመርኩበትና ያገኘሁትን ሁሉ አጨቅሁበት፤ ፊልም፣ መዝሙር፣ መንዙማ፣ የሰው ሠርግ፣ የሰው ምርቃት። ከእሱ አንድ ረጅም ገመድ ተነሥቶ እናቴ መኝታ ቤት ካለው ቴሌቪዥን ይገባል። ሌላው ገመድ ግድግዳውን አልፎ የጎረቤታችንን የእትዬ ዘሀራን ቴሌቪዥን ይቀልባል። በረመዳን መንዙማ ወደ እሳቸው እልካለሁ፤ በፍልሰታ መዝሙር ወደ እናቴ። አንዳንዴ ገመዱ ይምታታብኝና መንዙማው እናቴ ዘንድ፣ መዝሙሩ እትዬ ዘሀራ ዘንድ ይገባል፤ እስካሁን አንዳቸውም ቅሬታ አላቀረቡም። ይህን መሳይ ኮምፒውተር ትልቅ ከተማ ያሉ ሰዎች ሰርቨር ይሉታል። እኛ ቤት ስሙ ጎተራው ነው፤ ስም ያወጣችለትም እናቴ ናት።

ስም ብቻ አይደለም፣ ልብስም ሠርታለታለች። በልኩ የተሠራ፣ አናቱ ላይ አበባ ያለው፣ ከኋላ እስከ ጠረጴዛው የሚወርድ ነጭ ዳንቴል። ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ትሸፍነዋለች፤ ስከፍተው እኔ አነሣለሁ፤ በዚህ ተስማምተን እንኖር ነበር።

እናቴ በሕይወቷ የምትፈራው አንድ ነገር ነው፤ ንፋስ። ጅብ አትፈራም፣ መብረቅ አትፈራም፣ የቀበሌ ስብሰባ እንኳ አትፈራም። አውቶቡስ ተሳፍረን ደሴ ስንሄድ ግን ከመካነ ሰላም እስከ ወረኢሉ የራሷን መስኮት፣ ከወረኢሉ ወዲያ የማታውቃቸውን ሰዎች መስኮት ትዘጋለች። አንዴማ ሾፌሩን ራሱን አስዘግታዋለች። በተለይ ያላበው ሰው ንፋስ ካገኘው፣ እንደ እናቴ እምነት፣ ምች መታው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዳማከሴ ካልደረሰለት አለቀ። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ። እኔ ልብ አላልኩትም ነበር።

ጊዜው ሁላችንም አንድ ለአምስት የተደራጀንበት፣ ኢንተርኔት ግን ለአምስታችን አንድ እንኳ ያልደረሰበት ዘመን ነበር። ስለዚህ ቪዲዮ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በሰው ነው። ሰኞ ዕለት ከምሳ በኋላ እትዬ ዘሀራ አንድ ዲስክ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ።

የልጃቸው የሠርግ ዲስክ ነው። ታላቋ ልጃቸው ሉባባ ጅዳ ከገባች ስድስት ዓመቷ ነበር። የወንድሟን ሠርግ ከዚያ ሆና እሷ ደገሰችው ማለት ይቻላል፤ ሠርጉን ግን አላየችም። ሠርጉ ካለፈ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይወጣ፣ አባቷ ጋሽ ይመር ሞቱ። ሉባባ ቀብሩንም አላየችም። ጋሽ ይመር ሲናገሩ የሚታዩበት ነገር በዚህ ዓለም ላይ ያለው ያ ዲስክ ብቻ ነው። ሉባባ ያላት ደግሞ ስልክ ብቻ ነው። ዲስክ ስልክ ውስጥ አይገባም።

“ፋጡማ የፊታችን ሐሙስ ልትመለስ ነው” አሉኝ እትዬ ዘሀራ። ፋጡማ የሠፈራችን ልጅ ናት፤ እሷም ጅዳ ነው የምትሠራው፤ ለአንድ ወር መጥታ ዕረፍቷ ማለቁ ነበር። “ስምንት ሰዓት ላይ በሚኒባሷ ወጥታ፣ ወረኢሉ አክስቷ ዘንድ አድራ፣ ትሄዳለች። በዚያች በስልኳ ሚሞሪ አድርገህ ላክልኝ። እዚያ ውስጥ እኮ ልጄ፣ ያቺ የአባቷ . . .”

“አብሽሩ፣ እትዬ ዘሀራ!” ብዬ አቋረጥኳቸው። የሰው እንባ ሲመጣ ማየት አልወድም። “ሙሉውን ነው የማደርግልዎት።”

“ሙሉውን እንኳ . . .”

“ሙሉውን! ከጅምሩ እስከ መጨረሻው! አንዲት ደቂቃ አትጎድልም!”

“አላህ ያክብርህ” አሉና ዲስኩን ሰጥተውኝ ሄዱ። ያን ቀን ሰው ንግግሩን እስኪጨርስ የመጠበቅ ልማድ ቢኖረኝ ኖሮ ይህንን የምጽፍበት ምክንያት ባልኖረ ነበር።

ሥራው ኮንቨርት ማድረግ ይባላል። ቪዲዮውን በዲስክ ካለበት መልክ አውጥቶ ስልክ በሚያውቀው መልክ እንደገና መጻፍ ነው። ሲነገር ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዷን ምስል አንሥቶ ይፈታታል፣ ያሳንሳል፣ መልሶ ይቋጥራል፤ ለአንዲት ሴኮንድ ብቻ ሃያ አምስት ምስል። የወሎ ሠርግ ደግሞ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ ሰዓት ወጥ ሲወጣ የሚያሳይ ነው። ይህን ሁሉ የሚሠራው ፕሮሰሰር የሚባለው የኮምፒውተሩ አንጎል ሲሆን፣ አንጎል ሲሠራ ይሞቃል። እንዲበርድ ላዩ ላይ ብረት፣ ብረቱ ላይ ደግሞ ትንሽ ማራገቢያ አለ። ፕሮግራሙን ስጀምረው “አምስት ሰዓት ይቀራል” አለኝ። እኔም ይቅር ብዬ የከሰዓት ክፍለ ጊዜዬን ላስተምር ሄድኩ።

ማታ ስመለስ ጎተራው ዳንቴሉን ለብሶ ጭጭ ብሏል። ከፍቼ ባየው ሠላሳ አራት በመቶ ላይ ሞቷል። ፕሮሰሰር ከልክ በላይ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ኮምፒውተሩን ያጠፋዋል። እናቴ ሲዘጋ አይታ ሸፈነችው ብዬ አሰብኩ፤ የጠፋ ነገር መሸፈን ልማዷ ነው። ሙቀት የምትለካ ትንሽ ፕሮግራም አለችኝ፤ ማስታወሻዋን ብገልጥ መጨረሻ ላይ የጻፈችው ዘጠና ስድስት ዲግሪ ነው። በእኛ ከፍታ ላይ ውሃ እዚያ ሳይደርስ ይፈላል፤ ይህን ለተማሪዎቼ በዚያው ሳምንት አስተምሬ ነበር። ጎተራችን የፈላ ውሃን በልጦ ውሏል።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት በፊት ተነሣሁና ሆዱን ከፈትኩት። ወይ ጉድ! ማራገቢያዋ በአቧራ ታፍና፣ ጭራሽ ጸጉር አብቅላለች። በዶሮ ላባ ጠርጌ፣ በአፌ እፍ ብዬ፣ እኔ ራሴ እስኪያስለኝ አጸዳሁት። የሆዱን ክዳን አልመለስኩትም፤ ተከፍቶ እንዲተነፍስ። መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። የመካነ ሰላምን ብርድ በነጻ እያገኘሁ ምን አስጨነቀኝ? ሥራውን እንደ አዲስ አስጀምሬ እየተንጎራደድኩ ሄድኩ። ስመለስ ስድሳ አንድ በመቶ። ሞቷል። ዳንቴሉን ለብሷል። መስኮቱ ተዘግቷል፤ መሽቷልና አልደነቀኝም። አንድ የገረመኝ ነገር ጎተራው ዳማከሴ ዳማከሴ መሽተቱ ነው። እናቴ ስትጠርገው ከእጇ የተነካካው መሰለኝ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ሰይድን ጠራሁት። ሰይድ ሬዲዮና ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ከመናገሩ በፊት ሁልጊዜ አንዴ ይተነፍሳል። ብረቱን አነሣ፣ ተነፈሰ፣ አሳየኝ።

“በአንጎሉና በብረቱ መሃል ቅባት ነበር” አለኝ። “ደርቆ አልቋል። ቅባት ከሌለ ሙቀቱ ወደ ብረቱ አያልፍም።”

“አንተ ዘንድ አለ?”

“ደሴ ነው ያለው። ለሚኒባስ ሾፌር ደውዬ ሐሙስ ጠዋት ይደርስልሃል ኢንሻአላህ።”

“ምን ዓይነት ቅባት ነው?”

“ምን ልበልህ፣ መምህር። ነጣ ያለ ቅባት።”

ይህ ሰው ከዚህ በላይ ቢያብራራልኝ ኖሮ የረቡዕ ጉድ ባልመጣ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ክፍለ ጊዜ የለኝም። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ነጠላዋን እያስተካከለች ጎተራውን አሻግራ አየችው።

“ጭንቅላቱ ነው አይደል የታመመው?” አለችኝ።

“እንደዚያ በይው።”

“ያቃጥለዋል?”

“ያቃጥለዋል።”

“ለሚያቃጥል ጭንቅላት ምን እንደሚቀባ ልንገርህ?”

“እማ፣ አትንገሪኝ። ይህ ሳይንስ ነው።”

ሄደች። ቤቱ ጸጥ አለ። ሐሙስ ስምንት ሰዓት ደግሞ እየመጣ ነው። መደርደሪያው ላይ እናቴ ለጸጉሯ ያስቀመጠችው ለጋ ቅቤ በቆርቆሮ ተቀምጧል። እኔ እንግዲህ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቅቤውን ሳላይ ቆየሁ። ከዚያ ግን ማሰብ ጀመርኩ፤ የእኔ ችግር ደግሞ ምንጊዜም ከማሰብ ነው የሚጀምረው። ቅባት ነው አለ ሰይድ። ቅቤ ቅባት ነው። ነጣ ያለ ነው አለ። ይህም ነጣ ያለ ነው። በወሎ ስንት ትውልድ አናቱን ያቀዘቀዘበት ነገር ለአንድ አምስተኛ እጅ ኮምፒውተር ያንሰዋል? በጣቴ ዛቅ አድርጌ ፕሮሰሰሩን ቀባሁት፤ ብረቱን መልሼ ገጠምኩ፤ ሥራውን አስጀመርኩት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሠራ! ሙቀቱ ወደ ሃምሳ ስምንት ወረደ። ጥቂት ደቂቃ እዚያው ቆየ። ከወንበሬ ተነሥቼ ሳሎኑን ዞርኩት። በሐሳቤ ከአንድ ለአምስት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ተሻገርኩ። ተሞክሮዬ ተቀምሮ ሲሰፋ ታየኝ። ጽሑፉን ራሱ በልቤ ጀምሬው ነበር፦ “በአካባቢ ከሚገኝ ግብዓት . . .” እያልኩ።

በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ቅቤው ቀልጦ ይፈስስ ጀመር። መጀመሪያ ሽታው መጣ። ደስ የሚል ሽታ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ከዚያ ጢስ ቢጤ። ማራገቢያዋ ደግሞ ከጸዳች ወዲህ ጎበዝ ሆናለች፤ ሽታውን በቤቱ፣ በበሩ፣ በግቢው አሰራጨችው። ገመዱን ነቅዬ በጨርቅ ስጠርግ ከግድግዳው ወዲያ የእትዬ ዘሀራ ድምፅ ተሰማ።

“እናንተ! ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!”

እስላሟ ጎረቤቴ ጾሜን አስታወሱኝ። አዎን፣ ረቡዕ ነው። የጾም ቀን ነው። ቤታችን ደግሞ ቁሌት ቁሌት ይሸታል። ዘወር ስል እናቴ በር ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ የንስሐ አባታችን አባ ወልዴ። ከቤተ ክርስቲያን አብረው መጥተው ኖሯል። አባ ወልዴ አየሩን ሳብ አደረጉ።

“ማነው ጾሙን የሻረው?” አሉ።

“ኮምፒውተሩ ነው፣ አባ።”

“ኮምፒውተሩ?”

“እሱ ብቻ ነው የቀመሰው። እኔ አልነካሁም።”

አባ ወልዴ ጠጋ ብለው የጎተራውን የተከፈተ ሆድ አዩ። ቅቤው አረንጓዴው ሰሌዳ ላይ ወርዶ ያብረቀርቃል። እንደገና አሸተቱ።

“ኮሰረት የለበትም” አሉ፤ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

እናቴ ቆርቆሮዋን አንሥታ፣ ጣቴ የዛቀውን ጉድጓድ አይታ፣ መልሳ ከደነችው። “አትንገሪኝ አልከኝ እኮ” አለች በመጨረሻ። “ብነግርህማ ላበጠ ጭንቅላት እንጂ ላተኮሰው አይሆንም እልህ ነበር።” ይህን መድኃኒት እስከ ዛሬ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ እኔን ለማናደድ የፈጠረችው ይመስለኛል።

የቀረውን ቀን ቅቤ ስጠርግ ዋልኩ። ቅቤ ከአረቄ በቀር በምንም አይለቅም። አረቄው የእናቴ ነው። ማታ ላይ ቤታችን የድግስ ማግሥት ይሸት ነበር፤ ድግሱ ግን የለም።

ሐሙስ ገና በአሥራ ሁለት ሰዓት ሰይድ መጣ። ሾፌሩ ታማኝ ነው፤ ቅባቱ ደርሷል። የምስር ፍሬ የምታህል ቅባት ጠብ አደረገ፣ ብረቱን ገጠመ፣ ተነፈሰ፣ “በል አሁን እሳት ራሱ አይነካውም” አለኝ። አንድ ሰዓት ላይ ሥራውን አስጀመርኩት። ስድሳ ዲግሪ። ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብዬ አየሁት። ስድሳ ዲግሪ። ማራገቢያዋ ታጓራለች፣ ሆዱ ክፍት ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ንፋሱ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ገጽ በገጽ ያገላብጣል። አምስት ሰዓት ቢፈጅ ስድስት ሰዓት ላይ ያልቃል፤ ሚኒባሷ የምትወጣው ስምንት ላይ ነው። ለራሴ “አብሽር” አልኩትና አስተምሬ ልመለስ ሄድኩ። ያን ቀን ያስተማርኩት፣ እንዳጋጣሚ፣ ሙቀት የማያስተላልፉ ነገሮችን ነው። ሱፍ፣ ጥጥ፣ ጋቢ እያልኩ ሰሌዳው ላይ ዘረዘርኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ እየሮጥኩ ገባሁ። መስኮቱ ተዘግቷል። መጋረጃው ወርዷል። ጥጉ ላይ ዳንቴል፣ ከዳንቴሉ በላይ ነጠላ፣ ከነጠላው በላይ ባለ አራት ድርብ ጋቢ። እናቴ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ የታሸ ዳማከሴ በእጇ ይዛለች። ኮምፒውተሩ በሰማንያ ሁለት በመቶ ላይ ሞቷል።

ጋቢውን ከላዩ ገፈፍኩት።

“እማ . . . ምን አደረግሽው?”

“ሲያቃስት እኮ ሰማሁት!” አለች። “ላብ በላብ ሆኖ፣ ሆዱን ከፍተህ፣ መስኮት ከፍተህበት ትሄዳለህ! ሰው ላይ እንዲህ ይደረጋል?”

“ሰው አይደለም!”

“ባይሆንስ! ትኩስ ነገር ላይ ንፋስ?”

“ሰኞም ሸፍነሽዋል?”

“ሰኞ ዳንቴሉን ብቻ ነው።”

“ማክሰኞስ?”

“ማክሰኞ አንተ እስክትመጣ ነጠላ ደረብኩበት። እሱም ባሰበት።”

“ሲብስበት ለምን አታወልቂለትም?”

“አጀብ ነው! የባሰበት ሰው ይደረብለታል እንጂ ይገፈፋል እንዴ?”

ጮህኩ። እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ጮህኩ። ስለ ሙቀት መተላለፍ፣ ስለ ጥጥ፣ ስለ አራት ድርብ ጋቢ ግድግዳው እስኪሰማ ድረስ አስተማርኳት። እሷ አንገቷን ደፍታ ጋቢውን ታጥፋለች። ስጨርስ ቀስ ብላ፣ “አባትህን የወሰደብኝ መስኮት ነው” አለች። “ከአውድማ አልቦት ገብቶ እዚች መስኮት ሥር ጋደም አለ። ብርድ ነው የወሰደው። እኔ ተነሥቼ ብዘጋው ኖሮ።”

አባቴ የሞተው በሳንባ ምች ነው፤ ሐኪሙ ነግሮኛል። ይህን ልነግራት አልቻልኩም። እኔ ሦስት ቀን አቧራ ስጠርግና ቅቤ ስቀባ፣ እሷ በፍቅር ስትገድለው የከረመችው ኮምፒውተር በመካከላችን ቆሟል። በጣም አፈርኩ።

እትዬ ዘሀራና ፋጡማ የገቡት በዚሁ መሃል ነው። ፋጡማ ለመንገድ ለብሳለች፤ ስልኳን በእጇ ይዛለች። እትዬ ዘሀራ ፊታችንን አይተው ቆሙ።

“አልሆነም?” አሉ።

ለአምስት ሰዓት ሥራ ሁለት ሰዓት እንኳ የለኝም። “አራት ጊዜ ሞከርኩት፣ እትዬ ዘሀራ። ሙሉውን አልችል አለ” አልኩ። “ይቅር ይበሉኝ።”

እትዬ ዘሀራ እናቴ በለቀቀችላቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱት።

“ሙሉውን ማን ጠየቀህ፣ ልጄ?”

“እንዴት?”

“ወጥ ሲወጣ ምን ያደርግላታል? ጭፈራውን ምን ታደርገዋለች? ያቺን አባቷ የሚናገሩባትን ብቻ ነበር እኮ ልልህ የነበረው። እያቋረጥክ አላስጨረስከኝም።”

ጎተራውን አስነሥቼ ዲስኩን መልሼ ከተትኩ። ሠርጉን ወደ መሃል ገፋሁትና ጋሽ ይመር የሚታዩባትን ቦታ አገኘሁ። መነሻዋን ምልክት አደረግሁ፣ መድረሻዋን ምልክት አደረግሁ። ሦስት ደቂቃ ከትንሽ ነች። ፕሮግራሙ “አምስት ደቂቃ ይቀራል” አለኝ። መስኮቱን ልከፍት እጄን ሰድጄ ነበር፤ እናቴን አየኋትና ተውኩት። በተዘጋ መስኮት፣ በወረደ መጋረጃ፣ ሰባ ዲግሪ እንኳ ሳይደርስ ጨረሰ።

ስልኳ ውስጥ ገልብጬ ስሰጣት፣ “ይሰማ እንደሆነ እንየው” አለች ፋጡማ። አራታችን ስልኳ ላይ ተደፋን።

ጋሽ ይመር ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው ዳሱ ሥር ቆመዋል። ማይክሮፎኑን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ስልክ እንደሚያናግሩ ይጮኻሉ።

“ሉባባ! ትሰሚኛለሽ? ወንድምሽን ዳርነው፣ አልሐምዱሊላህ። ሁሉ ሞልቷል፤ አንቺ ብቻ ነሽ የጎደልሽው። እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን ብቻ ነው። አላህ የሰው ፊት አይንሳሽ። ደግሞ ስሚኝ ልጄ፣ ብርድ እንዳይመታሽ! ተሸፋፍነሽ ተኚ!”

ዳሱ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። ከካሜራው ኋላ አንዱ፣ “ጋሽ ይመር፣ እዚያ እኮ በረሃ ነው!” ይላቸዋል።

“አንተ ሄደህ አይተኸዋል?” ይሉታል ተቆጥተው። መልሰው ወደ ካሜራው ዞሩ። “በረሃም ቢሆን! ተሸፋፈኚ!”

እኛም ሳቅን። እትዬ ዘሀራ እያለቀሱ ሳቁ። “ነገረ ሥራው!” አሉ። “በረሃ ላይ ብርድ!” እኔማ ስለ ጅዳ የአየር ጠባይ ትንሽ ማብራሪያ ጨምሬበት ነበር፤ መምህር አይደለሁ። ፋጡማ ስልኳን ደረቷ ውስጥ አድርጋ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ሄደች።

ከአሥር ቀን በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሉባባ ደወለች። ኔትወርክ የሚገኘው እኛ ሳሎን መስኮቱ ሥር ስለሆነ እትዬ ዘሀራ ስልካቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁላቸው።

“እማ፣ አየሁት” አለች ሉባባ። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከፍ ከፍ አደረግሁት።

“ሳቅሽ አይደል?” አሉ እናቷ ሊያጽናኗት። “በረሃ ላይ ብርድ ይላል ያ ሰውዬ!”

“አልሳቅሁም፣ እማ።”

“ምነው?”

“እኔ የምተኛው ኮሪደር ላይ ነው፤ የኤሲው ማቀዝቀዣ ማሽን ልክ ከአናቴ በላይ ነው። ሌት ተቀን አያጠፉትም። ስድስት ዓመቴ፣ ብርድ ነው የጨረሰኝ። ለማንም አልተናገርኩም። በረሃ ተቀምጬ በረደኝ ብል ማን ያምነኛል? እናንተስ ታምኑኝ ነበር?” አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። “አባባ በምን አወቀ?”

እትዬ ዘሀራ ስልኩን ጉንጫቸው ላይ ለጥፈው “ልጄ፣ ልጄ” ይላሉ። እናቴ ተነሣች፤ ጓዳ ገብታ ያን ባለ አራት ድርብ ጋቢ ይዛ ወጣች። ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በትንሹ፣ በትንሹ አጠፈችው፤ ሻንጣ ውስጥ እንዲገባ። “ወደዚያ የሚሄድ ሰው ፈልግልኝ” አለችኝ።

ጎተራው ጥጉ ላይ ሌላ ሠርግ እየቀየረ ያጓራል። ማራገቢያዋን ብርድ እንዲያገኛት ብዬ ጠዋት የከፈትኩት መስኮት እትዬ ዘሀራ ጀርባ ላይ ይነፍሳል። የፊዚክስ መምህሩ ተነሥቼ ዘጋሁት።